ይቅር ባዩ ብረት

አዲሶቹ ብረቶች ቤታችን የገቡት እሑድ ጠዋት ነው። ሚስቴ ረጅሙን ካርቶን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ ታቅፋ መጣችና ሳሎን ምንጣፉ ላይ አጋደመችው። አማቴ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ሆነው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ አንድ ነገር ማየት ሲፈልጉ እንዲያ ነው የሚያደርጉት።

«ብረት ነው» አሉ። «ብዙ ብረት።»

«እማዬ፣ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብትገረሚ?» አለች ሚስቴ እየሳቀች። «አዲስ የጎልፍ መምቻ ነው። ሙሉውን ነው ያመጣሁልሽ። ያንቺዎቹ ከእንግዲህ ጡረታ ይውጡ።»

እኔ በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ። እዚህ ቤት አማች ሆኜ እስክገባ ድረስ ጎልፍ ማለት ሰዎች ኳስ መትተው የሚያጠፉበትና ቀኑን ሙሉ ሲፈልጉ የሚውሉበት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው መምቻው ብዙ ዓይነት መሆኑን ያወቅሁት። ጭንቅላታቸው ከብረት የተሠራውን ተጫዋቾቹ በደፈናው «ብረት» ይሏቸዋል። በየጭንቅላቱ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኳሷ ዝቅ ብላ ሩቅ ትሄዳለች፣ በበዛ መጠን ከፍ ብላ ቅርብ ትወድቃለች። ሰባተኛው መካከል ላይ ያለ፣ ለሁሉም የሚሆን ሽማግሌ ነው።

የአማቴ አሮጌ ብረቶች ከአንድ ወጥ ብረት ተቀጥቅጠው የተሠሩ፣ ቀጫጭን ናቸው። ሚስቴ «ቢላዎቹ» ትላቸዋለች። የሰባተኛውን ፊት ስታዩት መሃሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፣ ተፍቃ የምታበራ ቦታ አለች። ማንም የፋቃት የለም። ኳስ በስንትና ስንት ዓመት እዚያው እዚያው ላይ እያረፈ ያወጣት ናት። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያት መርፌ የበሳው የጣት ቆቤ ትዝ አለኝና ብረቱን ቶሎ መልሼ ማስቀመጥ አቃተኝ።

አማቴ ከአዲሶቹ አንዱን አወጡ። አውራ ጣታቸውን በፊቱ ላይ አስኬዱት፣ ጀርባውን ዳበሱት፣ በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ሆዱ ባዶ ነው» አሉ።

«ሆን ተብሎ ነው እኮ! አዲስ ዘዴ ነው። ንዝረቱን ራሱ ውስጥ ያስቀረዋል፤ እጅሽ ላይ አይደርስም።»

«እጀታው አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታል። ያምራል። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እንግዲህ ከአሮጌዎቹ ጋር እናስተያያቸዋለን።»

«ምኑን ነው የምናስተያየው? እማዬ፣ ትከሻሽን እኮ ነው የማወራው! ፀጉርሽን ማበጠር አቅቶሽ እኔ አይደለሁ የማበጥርሽ?»

«አበጥሪኝ። ጥሩ ታበጥሪያለሽ» አሉና ብረቱን ጭናቸው ላይ አጋድመው ነገሩን ዘጉት።

አማቴ አዋላጅ ነበሩ። ይሠሩበት የነበረው ሆስፒታል አጥሩ ከጎልፍ ሜዳው ጋር አንድ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወላድ አምጣ አምጣ ልትገላገል ስትል፣ ኳስ በመስኮት ገብታ የመሣሪያ ማስቀመጫውን ገለበጠችው። ልጁም በዚያ ድንጋጤ ይሁን በሌላ፣ ዱብ አለ። አማቴ እናትና ልጁን አስተኝተው፣ ኳሷን ጨብጠው፣ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ አጥሩን ዞረው ሄዱ። ሰውየውን አፉን ሊያሲዙት ነበር። የመታው ግን የሜዳው ሣር ተንከባካቢ የነበሩ አዛውንት ሆነው ተገኙ። አዛውንቱ ስድቡን እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙና «እውነትዎን ነው። መስኮቱን ማለሜ አልነበረም። እስኪ እርስዎ ይሞክሩት፣ ወዴት እንደሚሄድ ያዩታል» ብለው መምቻውን ሰጧቸው። ልትሳደብ ሄዳ መትታ ተመለሰች እያሉ የሥራ ባልደረቦቻቸው ዘመናቸውን ሙሉ ሲስቁባቸው ኖረዋል። እነዚያን ቀጫጭን ብረቶችም የተዉላቸው እኚያው አዛውንት ናቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲል።

ዓይናቸው የጠፋው በአንዴ አይደለም። የዓይን ግፊት የሚባለው በሽታ ከዳር ጀምሮ እየከደነ፣ እየከደነ መጥቶ መሃሉን ወሰደው። አሁን የሚያውቁት ብርሃንና ጥላን ብቻ ነው። ሁሉም ሰው ጎልፉ በዚያው የሚቀር መስሎት ነበር። እሳቸው ግን አንድ ቀን «ኳሷ እኮ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ። የምንቀሳቀሰው እኔ ነኝ። ራሴን ለማግኘት ደግሞ ዓይን አያስፈልገኝም» አሉና ተነሡ። አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ፣ ሁላችንም «ሲስተር» የምንላቸው ጓደኛቸው ዓይን ሆኑላቸው፤ ብረቱን ከኳሷ ኋላ ያስጠጉላቸዋል፣ አቅጣጫውን ያሲዟቸዋል፣ እሳቸው ይመታሉ። በዚህ መካከል ሲስተር ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። ቦታው ክፍት ሆነና ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

ብረቶቹ በተፋጠጡበት ጠዋት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ሆኜ የወጣሁት። የልምምድ ሜዳው ሰፊ ሣር ነው፤ ርቀቱ እንዲታወቅ በየቦታው ባለቀለም ሰሌዳ ተተክሎበታል፤ ቀዩ ቅርብ ነው፣ ቢጫው መካከል፣ ነጩ ሩቅ። አሠልጣኙ ቀድሞን ደርሷል። የፊት ጥርሱ ፍንጭት ስለሆነ ሲገርመው ያፏጫል፤ ስለዚህ ስሙ ፉጨት ነው፤ ሌላ ስም እንዳለውም እጠራጠራለሁ።

ኳሷን ሣሩ ላይ አስቀመጥሁ። አሮጌውን ሰባተኛ ብረት ከኋላዋ አስጠጋሁ። የአማቴን ትከሻ ይዤ፣ ጨርቅ ስቆርጥ ክሩ በሄደበት እንደማስተካክለው፣ ከቢጫው ሰሌዳ ጋር አስተካከልኋቸው።

«ጨርሰሃል?»

«ጨርሻለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ዞር በል። ጭንቅላትህን እንደ ሱሪ መልሶ የሚሰፋልህ የለም።»

ሸሸሁ። ብረቱ ወደ ኋላ ወጣ፣ አየሩን ሰንጥቆ ወረደ፣ «ቀጭ!» አለ። ደረቅ፣ አጭር ድምፅ።

«ጫፉ ላይ ነው የነካት» አሉ፣ እጃቸውን ገና ሳያወርዱ። «ወደ ቀኝ ወጣች። ዝቅ ብላ ሄዳ ቢጫው ጋ ሳትደርስ ትወድቃለች።»

ኳሷ ገና አየር ላይ ነበረች! ከዚያ በቀኝ በኩል፣ ከቢጫው ሰሌዳ ወዲህ ወደቀች። ፉጨትን አየሁት። ፉጨት አፏጨ።

«ድገምልኝ።»

ደገምሁ። «ተረከዙ ላይ» አሉ፣ ብረቱ ከዘንጉ ጋር የሚጋጠምበትን ማለታቸው ነው፤ ኳሷ ወደ ግራ ጠመመች። «ከላይዋ ነው የመታኋት፣ ትሮጣለች» አሉ፤ ኳሷ ሣሩን እየላጨች ሮጠች። ቀጥሎ አንድ ጊዜ መቱና ምንም ሳይናገሩ ቆዩ። ድምፁም የለም ማለት ይቻላል፤ ጥሩ መቀስ ሐር ላይ ሲሄድ እንደሚያሰማው ያለ፣ እስስ የሚል ብቻ። ኳሷ ከሣሩ ተነሥታ፣ ከፍ ብላ፣ ሰማዩ ላይ ለአፍታ የቆመች መስላ፣ ቢጫው ሰሌዳ ሥር ዱብ አለች።

«ይቺ ጥሩ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ምንም አልተሰማኝም። ሰባተኛው የሚያመሰግነኝ ዝም በማለት ነው። ሳጠፋ ግን የት ላይ እንዳጠፋሁ እጄን ይዞ ይነግረኛል።»

አጠገባችን ይለማመዱ የነበሩት ሰዎች የራሳቸውን ትተው ተሰብስበው ነበር። አንዱም አላጨበጨበም፤ ሰው በጣም ሲገርመው እጁም ይረሳል መሰለኝ። እኔ ስንት ዘመን አብሬያቸው አንድ ገበታ ላይ ስቀመጥ፣ ውሃ ስቀዳላቸው፣ «ወንበሩ በግራ ነው» ስላቸው ኖሬያለሁ። ማንን «ወንበሩ በግራ ነው» ስል እንደነበር ያን ጠዋት ነው የገባኝ።

«በሉ የልጄን ስጦታ አምጡ» አሉ።

አዲሱን ሰባተኛ ሰጠኋቸው። መቱ። «ጧ!» አለ፤ ክብ፣ የጠገበ ድምፅ። ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፣ ቢጫውን አልፋ፣ አሮጌው ብረት በሕልሙም ያልደረሰበትን አልፋ፣ ወደ ነጩ ተጠግታ አረፈች። እኔ ራሴን መቆጣጠር አቅቶኝ ጮኽሁ። ፉጨት «የሰው ያለህ!» አለ። አሁንስ አሮጌው አበቃለት ብዬ በልቤ ሚስቴን አመሰገንሁ።

«የት ሄደች?» አሉ አማቴ።

ሊፈትኑኝ መስሎኝ ሳቅሁ። «እርስዎ ይንገሩን እንጂ!»

ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ወረደ።

«አላውቅም» አሉ።

ደግመው መቱ። አሁንም ጧ፣ አሁንም ቀጥ ያለ፣ አሁንም ሩቅ። ሌላም፣ ሌላም። ፉጨት ጎንበስ ብሎ እያየ «ይቺን እኮ ጫፍ ላይ ነው የመቷት፤ ግን ቀጥ ብላ ሄደች» ይላል። አማቴ በእያንዳንዱ ምት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ፤ የጠበቁት ግን አይመጣም።

«ሁሉም አንድ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ደህና መታሁም አበላሸሁም፣ ይሄ ብረት ‹ደህና ነው፣ ደህና ነው› ብቻ ነው የሚለኝ።»

ፉጨት አስረዳቸው። ክብደቱ ከመሃል ወደ ዳር ዳር የተገፋ ነው፤ ስለዚህ ሰው መሃሉን ቢስትም ብረቱ አይጠመዘዝም። እንዲህ ያለውን ብረት «ይቅር ባይ» ይሉታል አላቸው። አማቴ ስሙን ሲሰሙ ብረቱን ወደ ፊታቸው አስጠግተው እንደገና ዳበሱት፤ አሁን ግን ወላድ ሆድ ላይ እንደሚያርፍ እጅ፣ በጥንቃቄ።

«ይቅር ባይ ብረት!» አሉ። «ይሄን ያሰበው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሰው እንደሚስት አስቀድሞ አውቆ ለስሕተቱ ብረት ውስጥ ቦታ ተወለት እኮ!»

እኛ ልብስ ሰፊዎች ሰው እንደሚወፍር አውቀን ጠርዙ ላይ ጨርቅ እንደምናተርፈው ማለት ነው አልኋቸው። ወደዱት። ግን ወዲያው ተከዙ።

«ይቅርታ ዓይን ላለው ጥሩ ነው» አሉ። «እሱ ኳሷን ያያታል። እኔ ጥፋቴ ካልተነገረኝ በምን ልታረም?»

ያን ቀን ማታ ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ተያያዙ። ሚስቴ ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው፤ ማስረጃ ያለው ነገር ካልሆነ አትሰማም። «የትኛው ሩቅ ሄደ?» ትላለች። «አዲሱ» ይላሉ። «የትኛው ቀጥ ብሎ ሄደ?» «አዲሱ።» «የትኛው ትከሻሽን አላሳመመሽም?» «አዲሱ።» «ታዲያ ምን ቀረ?» «እኔ ቀረሁ። ከአሮጌው ጋር ስመታ ሜዳው ላይ አለሁ፤ ከአዲሱ ጋር ኳሷ ብቻዋን ትሄዳለች» አሉ። ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ደግሞ እንደ ብልህ ባል ሾርባዬን መጠጣቴን ቀጠልሁ።

አማቴ አሮጌዎቹን አልተዉም። የሚስቴ ፍርሃትም ሳይውል ሳያድር ደረሰ። አንድ ጠዋት ሜዳ ላይ መሬቱ ደርቆ ነበር። ብረቱ ኳሷን ስቶ መሬቱን ሲመታ ድምፁን እኔም ወደድሁት አልልም። አማቴ አልጮኹም፤ ብረቱን ለቀቁትና ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ቆሙ። ፊታቸው ላብ አውጥቶ ነበር። «ውሰደኝ» አሉኝ።

ሐኪሙ ቀጥተኛ ሰው ነው። ትከሻው ውስጥ ያለው ጅማት ተሰንጥቋል፣ በእረፍትና በእንቅስቃሴ ይድናል፤ ያ የአሮጌ ብረት ንዝረት ግን ከዚህ በኋላ አይሆንም አላቸው። ወይ ብረቱን ወይ ክንድዎን። አማቴ ራሳቸው በሕክምና ያረጁ ስለሆኑ አልተከራከሩትም።

ክረምቱን ሙሉ ቤት ተቀመጡ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ በታሰረ ገመድ ክንዳቸውን ሽቅብ ይስባሉ፤ እየሳቡ የሚያቃስቱትን ማቃሰት ለማንም አይነግሩም። አሮጌዎቹን ብረቶች ለእኔ ሰጡኝ። ግቢ ውስጥ አንድ ቀን ሰባተኛውን አንሥቼ ኳስ ብመታበት ከመዳፌ እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ፤ እጄን እያራገፍሁ ዘለልሁ።

«ምን አለህ?» አሉኝ ከመስኮቱ።

«ሰደበኝ!»

«ጎሽ። መተዋወቅ ጀምራችኋል ማለት ነው።»

ትከሻቸው እየተፈታ ሲመጣ አንድ ጠዋት ሻዬን ይዤ ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ያንን ድዳ አምጣልኝ» አሉ። አዲሱን ማለታቸው ነው።

ወንበራቸው አጠገብ አቆምሁላቸው። እጀታውን ይዘው አንድ ነገር አጫወቱኝ። አዋላጅ ሆነው ሲጀምሩ የሆድ ልጅ ልብ የሚያዳምጡት በእንጨት ቀንድ ነበር። አንዱን ጫፍ የእናቲቱ ሆድ ላይ፣ ሌላውን ጆሮ ላይ አስጠግቶ ነው። በዚያ እንጨት ውስጥ ልጁ ተመችቶት እንደሆነ፣ ደክሞት እንደሆነ፣ ፈርቶም እንደሆነ ይሰማቸው ነበር። ኋላ የኤሌክትሪክ መሣሪያ መጣ፤ ልቡን ለክፍሉ ሁሉ ከፍ አድርጎ ያሰማል።

«ጠላሁት» አሉኝ። «ለእኔ የሁሉም ልጅ ልብ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ዱፍ ዱፍ ዱፍ። እንጨቴን በኪሴ ይዤ እዞር ነበር። ግን ከቀን ወደ ቀን... መሣሪያው ዝም አላለም ነበር፤ እኔ ነበርሁ በእንጨቱ ጆሮ የምሰማው። ለሱ ሌላ ጆሮ ማብቀል ነበረብኝ። አበቀልሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አሮጊት ነኝ። ግን እስኪ ግቢው ላይ አንድ ነገር ስቀልልኝ።»

ከሱቄ ወፍራም ሸራ አምጥቼ፣ እጥፍ አድርጌ ሰፍቼ፣ ከግቢው ግንብ ፊት ለፊት ሰቀልሁ። ኳሷ እዚያ ላይ ተመትታ ትወድቃለች። የቀረው ብረቱ የት ላይ ኳሷን እንደነካ ማወቅ ነበር። እሱን የፈታሁት በራሴ መሣሪያ ነው፤ ጨርቅ የማሰምርበትን ጠመኔ ፈጭቼ የብረቱን ፊት ቀባሁት። ኳሷ የነካችበት ቦታ ላይ ክብ ምልክት ትተዋለች። ሲመቱ እሳቸው አስቀድመው ይገምታሉ፣ እኔ አይቼ እነግራቸዋለሁ።

መጀመሪያ አካባቢ አንዱም አልገጠመም። «መሃል» ሲሉ ጫፍ፣ «ጫፍ» ሲሉ ተረከዝ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ቤት ውስጥ ግድግዳ ሲጋጭ ማየት ያማል። እኔ ለማጽናናት ብዬ አንድ ጊዜ «ልክ ነዎት» ብያቸው፣ «ልጄ፣ አንድ ይቅር ባይ ይበቃኛል» ብለው አሳፈሩኝ። ከዚያ በኋላ ዋሽቼ አላውቅም።

ለውጡ መቼ እንደመጣ አላውቅም። አንድ ቀን «የስፌት ማሽኑን አቁመው» አሉኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሥራዬን እቤት እያመጣሁ እሠራ ነበርና። ሌላ ቀን «ጎረቤት ሬዲዮውን እስኪዘጋ እንቆይ» አሉ። በእጃቸው ያጡትን በጆሮአቸው እየፈለጉት ነበር። ባዶው ሆድ፣ ያ መጀመሪያ የናቁት፣ ድምፅ ነበረው። መሃሉ ሲመታ «ጧ»፤ ጫፉ ሲመታ እኔ የማልሰማው፣ እሳቸው ግን «ትንሽ ሳል አለው» የሚሉት ነገር ነበር። ተረከዙ ደግሞ «አፍኖ ነው የሚናገረው» ይላሉ። ጆሮዬን እስኪያመኝ ባዳምጥ ሁሉም ያው ጧ ነው።

አንድ እሑድ ሚስቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታየን ቆየችና «ቦታ ልቀቅ፤ አንተ ታዳላላታለህ» አለችኝ። እሷ ጠመኔውን ቀባች፣ ብረቱን አስጠጋች። አማቴ መቱ።

«ጫፍ። ከመሃል የጣት ስፋት ያህል ወጣ ብሎ።»

ሚስቴ ብረቱን ገልብጣ አየች። ምልክቱ እዚያው ነበር። ጠረገችና እንደገና ቀባች።

«መሃል፤ ግን ዝቅ ብሎ።»

አየች። ጠረገች። ቀባች።

«ተረከዝ። አፈነ።»

እየደጋገሙ ሄዱ። የሚስቴ እጅ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆነ። በመጨረሻ ብረቱን ይዛ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና እናቷን አየቻቸው፤ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ሲያይ እንደሚያየው ዓይነት ነው። «እማዬ» አለች፣ «ጭንቅላትሽ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አማቴ ሳቁ። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ላቦራቶሪ ያለሽ አንቺ ነሽ» አሉ።

ሜዳው ላይ የተመለሱት ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ፣ ክረምቱ አልፎ ሣሩ ለምልሞ ሲጠብቅ ነው። አራት ሆነን ወጣን፤ አማቴ፣ ሚስቴ፣ ፉጨትና እኔ። ወደ ማታ ተጠግቷል፤ ሜዳው ባዶ ነበር። የመረጡት አጭሩን «ጉድጓድ»፣ ባንዲራው ሥር ወዳለው ቀዳዳ በቅርብ የሚመታበትን መጫወቻ ነው፤ ከመምቻው ቦታ እስከ ባንዲራው ድረስ መሃል ላይ ትንሽ ኩሬ አለ፤ ከኩሬው ማዶ የተላጨው ሣር፣ እሱ ላይ ባንዲራው። ፀሐይዋ ልክ ከባንዲራው ኋላ ወርዳ ዓይናችን ውስጥ ገብታለች።

አስተካከልኋቸው። አዲሱን ሰባተኛ ያዙ። ፉጨት ሊያፏጭ ሲል ሚስቴ በክርኗ ጎሸመችው። ነፋስም አልነበረም። ወጣ፣ ወረደ፣ «ጧ!»

ኳሷ ተነሣች፤ ከዚያም ፀሐይዋ ውስጥ ገብታ ጠፋች።

እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ ፈለግሁ። ብርሃን ብቻ ነው ያለው። ፉጨት «አየሃት?» አለኝ። «አላየሁም፤ አንተስ?» «ምንም።» ሚስቴ ዓይኗ እንባ አውጥቶ «ውሃ ውስጥ ገባች እንዴ? የውሃ ድምፅ ግን አልሰማሁም» አለች። ሦስት ዓይናሞች ቆመን እንደ ጠፋበት ሰው ዙሪያችንን እናያለን።

አማቴ ብረቱን አውርደው ተደግፈውት ቆመዋል። ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አቅንተውታል፤ እሷ አታስቸግራቸውም።

«ከባንዲራው ግራ ናት» አሉ። «ኩሬውን ተሻግራለች። ትንሽ በተረከዙ ነክቻት ነበር፤ ግን ይቅር አላት። ሣሩ ላይ ናት፣ ሂዱ።»

ኩሬውን ዞረን ሄድን። ሚስቴ እናቷን ክንዳቸውን ይዛቸዋለች፤ ማን ማንን እንደሚመራ ግን ከኋላ ለሚያይ አይታወቅም። ፉጨት ፊት ፊት እየሄደ ዳሩን፣ ቁጥቋጦውን፣ የኩሬውን አፍ ያያል። አላመነም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በግማሽ ልቤ ነበርሁ። የተላጨው ሣር ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ዓይናችንን ለቀቀችና ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየ። ከባንዲራው ግራ፣ አንድ ሰው ተኝቶ እጁን ቢዘረጋ ባንዲራውን ሊነካ በሚችልበት ርቀት፣ ነጭ ኳስ ቁጭ ብላለች። በአጠገቧ ስትወድቅ የቦረቦረቻት ትንሽ ጉድጓድ አለች።

ፉጨት ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ኋላ ስጠይቀው አላስታውስም አለኝ። ሚስቴ የእናቷን እጅ ይዛ ዝቅ አደረገችና ጣታቸውን ኳሷ ላይ አሳረፈችው። አማቴ ዳበሷት፣ ቀጥለው ያችን ትንሽ ጉድጓድ ዳበሱ፣ ከጉድጓዷ እስከ ባንዲራው እንጨት ድረስ በመዳፋቸው ሣሩን እየዳሰሱ ተንበርክከው ሄዱ።

«ለካ ይሄን ያህል ቅርብ ናት» አሉ። «ቅርብ እንደሆነች አውቄ ነበር፤ ግን ይሄን ያህል...»

ከዚያ ተነሡና ኳሷን ወደ ቀዳዳው የሚገፉበትን መምቻ ስጡኝ አሉ። ገፏት፤ በቀዳዳው ከንፈር ዞራ ወጣች። ገፏት፤ አለፈች። እየተቆጡ፣ ሚስቴ እየሳቀች፣ ፉጨት አፉን በኮፍያው እየሸፈነ፣ እንደገና ገፏትና ኮለል ብላ ገባች። «ይሄኛውን ለማንም እንዳታወሩ» አሉን። እኛ ግን ስለ እሱ አላሰብንም ነበር፤ ሦስታችንም ዞረን ከኩሬው ማዶ ያለውን፣ ኳሷ የተነሣችበትን ሩቅ ቦታ እያየን ነበር።